ለጨረር የተሰጠ ጭዳ

ምሥጋናው ከሰው ጋር ሲያወራ መሬት መሬት የሚያይ፣ ሲስቅ እንኳ አፉን በእጁ የሚሸፍን ልጅ ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው ዘበኛ አድርጎ መቅጠር የማን ሐሳብ እንደነበረ እያሰበ እሱ ራሱ ይገረማል።

ነገሩ የሆነው ሚሊኒየሙ በተከበረበት ዓመት፣ ከላሊበላ ወደ ሙጃ የሚያወጣ መንገድ ሲሠራ ነው። የመንገድ ሥራው ካምፕ ማስታወቂያ የሚጽፍ ሰው ፈለገ። ምሥጋናው ስምንተኛ ክፍል ጨርሶ ቤቱ ተቀምጦ ስለነበር ተጠራና በነጭ ቆርቆሮ ላይ በቀይ ቀለም «አደጋ! ጨረር አለ። መጠጋት ክልክል ነው።» ብሎ ጻፈ። ፊደሎቹ አንዱ ከአንዱ ሳይበልጥ፣ አራት ነጥቡ እንኳ ሳይዘነጋ እንደ ወታደር ተሰልፈው ቆሙ። ፎርማኑ ጽሑፉን አየ፣ ምሥጋናውን አየ፤ «አንተ ጠንቃቃ ሰው ነህ» አለና ማስታወቂያው የሚሰቀልበትን ቤት እንዲጠብቅ እዚያው ቀጠረው።

ምሥጋናው ጠንቃቃ አልነበረም። ፈሪ ነበር። ሁለቱ ከሩቅ ሲታዩ ይመሳሰላሉ።

ቤቷ ከካምፑ ተነጥላ ጉብታ ላይ የቆመች፣ በእሾህ ሽቦ የታጠረች የቆርቆሮ ቤት ናት። በውስጧ ከእንጨት ርብራብ ላይ የተቀመጠ አንድ ቢጫ ሳጥን አለ። በሳጥኑ ውስጥ ደግሞ የመንገዱ አፈር በደንብ መጠቅጠቁን የሚለካው መሣሪያ አለ። የቀን ሠራተኞቹ «ኒውክሌሩ» ይሉታል። ከኮምቦልቻ ከመጣው የአፈር ላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ከያሲር በስተቀር ማንም አይነካውም።

ምሥጋናው ሥራ የጀመረ ዕለት ያሲር ከአጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ አስቀመጠውና ያስረዳው ጀመር።

«ስማ ወንድሜ፣ እዚያ ውስጥ ሲዚየም የሚባል ነገር አለ። ከምስር ፍሬ አይበልጥም። ዓለም ሁሉ የተሠራው ከአቶም ነው፤ ድንጋዩም፣ አንተም። የአቶሙ እምብርት ተመጣጥኖ ከተሠራ ዝም ብሎ ይኖራል። የዚህ የሲዚየም እምብርት ግን አልተመጣጠነም፤ ተጨናንቋል። የሠርግ ዳስ አስብ። ለሃምሳ ሰው በተጣለ ዳስ መቶ ሰው ቢገባበት ምን ይሆናል?»

«ይገፋፋል።»

«በመጨረሻ አንዱ በበሩ ተስፈንጥሮ ይወጣል። ያ ተስፈንጥሮ የወጣው ነው ጨረር የምንለው። ከዚያ በኋላ ዳሱ ይረጋጋል። ሲዚየሙም ስሙ ተቀይሮ ባሪየም ይባላል።»

«እንደ ክርስትና ስም?»

«ወላሂ፣ የእናንተን ክርስትና እኔ አላውቅም። እዚህ ግን የሚቀየረው ስም ብቻ አይደለም። ሌላ ነገር ነው የሚሆነው።»

ከዚያ የጨረር ዓይነቶችን ነገረው። አልፋ የሚባለውን ወረቀት ያስቆመዋል። ቤታን ስስ ብረት ይመልሰዋል። ጋማ ግን ግድግዳም ሰውም አልፎ ይሄዳል፤ እሱን የሚያደክመው ወፍራም እርሳስ ወይም ብዙ አፈር ነው። መሣሪያው የሚሠራውም በዚሁ ነው። ዘንጉ መሬት ውስጥ ይገባል፣ ጋማው በአፈሩ ውስጥ ያልፋል፤ አፈሩ ከላላ ብዙ ያልፋል፣ ከጠቀጠቀ ጥቂት። መሣሪያው ያለፈውን ይቆጥራል።

«መቼ ነው የሚያልቀው?» አለ ምሥጋናው። ከሁሉ በላይ ማወቅ የፈለገው ይህን ነበር።

«በሠላሳ ዓመት ግማሹ ያልቃል።»

«በስልሳ ዓመት ሁሉም?»

«የለም። በስልሳ የሚያልቀው ከቀረው ግማሽ ላይ ግማሹ ነው። በዘጠና ደግሞ የዚያ ግማሽ።»

ምሥጋናው ይህ ወዲያው ገባው። በማኅበር ቀን የመጨረሻዋ ቁራሽ ዳቦ ትዝ አለችው። አንዱ ግማሿን ይቆርሳል፣ ሌላው የቀረችውን ግማሽ ይቆርሳል፣ ማንም ሙልጭ አድርጎ መጨረስ አይፈልግም፤ ፍርፋሪዋ ሌማቱ እስኪነሳ እዚያው ትቀመጣለች።

«ይሉኝታ አለበት ማለት ነው» አለ።

ያሲር ሳቀና ቀጠለ። «ሦስት ነገር ያዝ። አጠገቡ የምትቆይበትን ጊዜ አሳጥር። መከለያ አድርግ። ርቀት ጨምር፤ ርቀቱን እጥፍ ብታደርገው የሚደርስህ ጨረር ወደ ሩብ ይወርዳል። ደግሞ ይህን ባጅ ደረትህ ላይ አድርግ። ከጨረር አያድንህም፤ ምን ያህል እንደደረሰብህ ግን ይመዘግባል። በየሦስት ወሩ አዲስ አበባ ሄዶ ይነበባል።»

ከዚህ ሁሉ ትምህርት ምሥጋናው አጥብቆ የያዘው «ርቀት ጨምር» የምትለዋን ነው። ስለ ባጁ የተነገረውን የሰማው በግማሽ ጆሮ ነው። በዚያች ደቂቃ ባጁ ደረቱ ላይ ሲሰካ እንዴት እንደሚያምር እያሰበ ነበር።

ርቀቱን ጨመረ። የተመደበለት ቦታ የአጥሩ በር ነበር፤ እሱ ግን ገደሉን ተሻግሮ፣ ከማዶ ባለው ወይራ ሥር ተቀመጠ። ከዚያ ሆኖ በሩ ይታያል። አንድ ሰው መጥቶ መቆለፊያውን ቢሰብር ምሥጋናው ሩጦ እስኪደርስ ሌባው ላሊበላ ገብቶ ሻይ ይጠጣል። እሱ ግን ሌባው ሲዚየሙን እንዳየ ራሱ ይሸሻል ብሎ ተጽናና።

ወይራው ሌላም ጥቅም ነበረው። የአያ ደባሱ ልጅ የትናየት ለአባቷ ምሳ ይዛ ወደ ማሳቸው ስትወጣ በዚያ ታልፋለች። ምላሷ የተሳለ ልጅ ናት። ምሥጋናውን ድፍን መንደር «አፈ ጭምት» ሲለው እሷ ብቻ ታናግረዋለች፤ መልሱን ቆማ ትጠብቃለች፣ ቆማ ሲደክማት ደግሞ ትቀመጣለች።

«ይቺ ደረትህ ላይ ያለችው ምንድን ናት? ሜዳልያ ነች?»

«ለሁሉም ሰው አይሰጥም።»

«ለጀግና ነው የሚሰጠው?»

አዎ አላላትም። አይደለምም አላላትም።

«ታዲያ ሳጥኑ ወዲያ፣ አንተ ወዲህ! በሩቁ ነው እንዴ የምትጠብቀው?»

«አዛዥ ከፍ ካለ ቦታ ሆኖ ነው የሚያየው» አላት፤ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ። «እዚያ ውስጥ ያለው ነገር በሠላሳ ዓመት ግማሹ ብቻ ነው የሚያልቀው።»

«ኧረ በማርያም!» አለችና ተጠግታው ተቀመጠች። ምሥጋናው ያን ቀን ሲዚየምን ወደደው።

ፍርሃቱ ግን አልለቀቀውም። ባጁ ጨረር የሚቀበል ነገር ከሆነ፣ ደረቱ ላይ አድርጎት መዞሩ ጨረሩን ና ወደዚህ ብሎ መጥራት ሆኖ ተሰማው። አንድ ጠዋት ይህን ሲያወጣ ሲያወርድ ጭዳ ትዝ አለው። ልጅ ሳለ ሲታመም እናቱ ጫጩት በራሱ ላይ አዙራ መንታ መንገድ ላይ ታስጥል ነበር። በሽታው ከጫጩቷ ጋር ይሄዳል ይባላል። እሱም በእርግጥ ይድን ነበር።

«እንግዲያ ይህስ ለምን በእኔ ፋንታ አይሄድም?» አለ።

ከባጁ ፕላስቲክ ውስጥ ያለችውን ካርድ አወጣ። በላስቲክ ጠቀለላት። ማንም እንደማያየው አረጋግጦ በራሱ ዙሪያ አዞራት። ከዚያ ያሲር መሣሪያውን ይዞ ከመውጣቱ በፊት፣ ለጥበቃ በተሰጠው ቁልፍ በሩን ከፈተ፣ ትንፋሹን ዋጠ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ እየተደናበረ ገብቶ ካርዷን ከሳጥኑ ሥር፣ ከርብራቡ ስንጥቅ ወተፋት።

«ሂጂ እንግዲህ፣ የኔን ተቀበይ» አላት። ትንፋሹን የለቀቀው ወይራው ሥር ደርሶ ነው። ባዶውን ፕላስቲክ ደረቱ ላይ እንደሰካ ዋለ፤ ከፊት ለሚያየው ምንም አልጎደለበትም።

ሦስቱ ወር ሲሞላ ካርዷን በገባችበት አኳኋን አውጥቶ ለያሲር ሰጠ። ያሲርም ከሌሎቹ ጋር አዲስ አበባ ላካት። ምሥጋናው ልቡ ሞላና የነፍስ አባቱን ቄስ ገብረ ሊባኖስን ወደ አያ ደባሱ ሽማግሌ ላካቸው።

ቄሱ ሲመለሱ ፊታቸው የደስታም የሐዘንም አይመስልም።

«ልጁን አልጠላሁትም አለ ደባሱ። የጠላሁት ሳጥኑን ነው አለ። እዚያ የሚውል ሰው ይመክናል ብለው ሾፌሮቹ ነግረውታል። ልጄን ድሬ የልጅ ልጅ ሳላይ ልሙት ወይ አለኝ።»

«እርስዎስ ምን አሏቸው አባ?»

«አንተ ደረትህ ላይ ስለምትሰካው ነገር ስታወራ ሰምቼ የለ? የሚለካ ነገር አለው፣ አዲስ አበባ ሄዷል አልኩት። እንግዲያ እሱ ይናገር አለ። ንጹሕ ነው ካለ ልጄን እሰጣለሁ፤ አለበት ካለ ግን አንቱም ለዚህ ነገር ደግመው አይምጡ አለኝ።»

ምሥጋናው ደስ ብሎት ወደ ያሲር ሮጠ። ጭዳ ሆና የሄደችው ካርድ ለምስክርነትም መጠራቷ በረከት መሰለው። በዚያ ላይ ምሥጢሩን እንዲህ በጥቂቱ ሊያጣራ ፈለገ።

«ያሲር፣ እዚያ አዲስ አበባ ካርዷን ሲያነቡ ምኑን ነው የሚያነቡት?»

«ያገኛትን ጨረር ነዋ። እሷ ያገኘችው ሁሉ አንተን እንዳገኘህ ይቆጠራል።»

ምሥጋናው ዞሮ ጉብታውን አየ። «ካርዷ ብቻዋን የሆነ ቦታ ሄዳ ቢሆንስ?»

«ካርድ እግር የላትም።»

«ለምሳሌ ነው።»

«ለምሳሌ እግር ቢኖራትም ካንተ ደረት የት ትሄዳለች?» ብሎ ያሲር ወደ ሥራው ሄደ።

ያኔውኑ ቢናገር ኖሮ ነገሩ በሳቅ ባለቀ። ግን እንዴት ብሎ ይናገር? የትናየት ዘንድ አዛዥ ነው። ካምፑ ዘንድ ጠንቃቃ ነው። ቄሱ ደግሞ ጭዳ የሚባል ነገር ሲሰሙ ደማቸው ይፈላል። በየጠዋቱ ወይራው ፊት ቆሞ «አጥፍቻለሁ» ማለትን ይለማመዳል። ወይራው ሁልጊዜ ይቅር ይለዋል። ወደ ካምፑ ሲወርድ ግን ቃሉን እዚያው ወይራው ሥር ትቶት ይሄዳል።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ አንዲት ላንድክሩዘር አቧራዋን እየጎተተች ካምፑ ገባች። ያሲር ፊቱ አመድ መስሎ እየሮጠ መጣና የምሥጋናውን ፀጉር ጨምድዶ ሳበው።

«አመመኝ እኮ!»

«አልተነቀለም! አልሐምዱሊላህ፣ አልተነቀለም! ያስመልስሃል? ያዞርሃል? ሰውነትህ ላይ የሚያቃጥል ነገር አለ?»

«ምን ሆንክ?»

«እኔ? ምን ሆንክ የሚባለውስ አንተ ነህ! ካርድህ በሦስት ወር ውስጥ አንድ ሠራተኛ በአሥር ዓመት ሊያገኘው የማይገባ ጨረር አግኝታለች!»

ወሬው ከግሬደሩ ቀድሞ መንገዱን አዳረሰ። ሥራ ቆመ። የቀን ሠራተኞቹ አካፋቸውን እንደያዙ ለስንብት መጡ፤ ግን ከተወሰነ ርቀት አላለፉም።

«እግዜር ያጽናህ ወንድማችን» አለ አንዱ። «ጃኬትህን ለማን ትተወዋለህ?»

«አርፈህ ተቀመጥ» አለው ሌላው፤ «ጃኬቱም ላይ አለ።»

አያ ደባሱ ከማሳቸው ወረዱ። ቄስ ገብረ ሊባኖስም መስቀላቸውን ይዘው ደረሱ። የትናየት ከሰው ጀርባ ቆማ ነጠላዋን ነክሳለች። ከላንድክሩዘሯ የወረደው ተቆጣጣሪ ሙሉሃብት የሚባል፣ መነጽር ያደረገ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። ምሥጋናውን በርጩማ ላይ አስቀመጠው።

«አትደንግጥ። እውነቱን ብቻ ንገረኝ። በቀን ምን ያህል ሰዓት ከሳጥኑ አጠገብ ትቆያለህ?»

ምሥጋናው ቀና ብሎ ሰዉን አየ። ዝም ቢል ከሳጥን ጋር ሲታገል የተጎዳ ጀግና ሆኖ ይቀራል፤ ሰዉ ከንፈር ይመጥለታል፣ የትናየትን ግን አያገኛትም። ቢናገር ጤነኛ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ግን የትናየት በምን ዓይኗ ታየዋለች? አያ ደባሱን አየ። አያ ደባሱ እሱን ሳይሆን ወገቡን ያዩ ነበር።

«አልነበርኩም» አለ ቀስ ብሎ።

«የት?»

«አጠገቡ። አንድም ቀን። ካርዷ ነበረች፤ ብቻዋን። እኔ ልኬያት ነው።»

«የት ላክሃት?»

«ከሳጥኑ ሥር። በኔ ፋንታ እንድትቀበልልኝ። እንደ ጭዳ።»

ሙሉሃብት መነጽሩን አወለቀ። ያሲር በሁለት እጁ ራሱን ያዘ።

«ጭዳ!» አሉ ቄስ ገብረ ሊባኖስ። «ዓመት ሙሉ ጭዳ ይቅርባችሁ ብዬ ሳስተምር፣ አንተ ጫጩት ቢወደድብህ የመንግሥት ካርድ?»

ሰዉ ሳቀ። ሙሉሃብት ግን አልሳቀም። «ሥራቸውን ላለማጣት ብዙ ሰዎች ብዙ ነገር ይነግሩኛል። እውነት ከሆነ ደስታውን አልችለውም። ግን ማን ያውቅልሃል? ሩቅ ስትቀመጥ ማን አየህ?»

ምሥጋናው መሬት መሬት አየ። ያየውን ሰው ያውቃል። ያን ስም ከሚጠራ ግን ሳጥኑን ተሸክሞ ተራራው አናት ላይ ያለችው አሸተን ማርያም ቢወጣ ይቀለው ነበር።

«እኔ አየው ነበር» አለች የትናየት ከኋላ።

አያ ደባሱ ቀስ ብለው ዞሩ።

«ምሳ ይዤ ስወጣ ከማዶ ወይራው ሥር ነው የማገኘው። አንድም ቀን ከአጥሩ በር አይቼው አላውቅም።»

«ስንት ቀን አየሽው?» አለ ሙሉሃብት።

«ምሳ የወሰድኩ ቀን ሁሉ።»

«ምን ያህል ትቆያለሽ?»

የመጣው ይምጣ ያለች ይመስል፣ «ወጡ ቀዝቅዞ እስኪረጋ» አለች።

«ኧ!» አሉ አያ ደባሱ። «እኔ የተራራው ብርድ ነው ስል! ስንት ወር ሙሉ የረጋ ሽሮ ያበላሽኝ ለዚህ ኖሯል?»

«ይቅር በለኝ አባዬ።»

«እሱ ከሳጥኑ የራቀው ልጄን ሊጠጋ ነዋ!»

ሳቁ ጋብ ሲል ሙሉሃብት ጨረር የምትቆጥር ትንሽ መሣሪያ አውጥቶ ወይራው ሥር ወሰዳት። ሰዉ ተከተለው። መሣሪያዋ አልፎ አልፎ ጠቅ ትላለች።

«ይኸው አለ!» አሉ አያ ደባሱ ወደ ኋላ እያፈገፈጉ።

«ይህ በየትኛውም ቦታ ያለ ነው አባቴ። ከድንጋዩም፣ ከሰማዩም፣ ከምንበላው እህልም ትንሽ ትንሽ ይወጣል። ይኸው እርስዎም ጋ እንደዚያው ነው።» መሣሪያዋን ወደ ጋቢያቸው አስጠጋ። ጠቅ አለች፤ ትንሽ ቆይታ ደግሞ ጠቅ።

አያ ደባሱ ጋቢያቸውን ገልጠው ውስጡን አዩ። «እኔ እኮ ስድስት ወልጃለሁ» አሉ።

«ይወለዳላ።»

«እነዚህ ድንጋዮች ውስጥ ያለውና ሳጥኑ ውስጥ ያለው አንድ ዓይነት ነው?»

«ዘሩ አንድ ነው፤ መጠኑ ነው የሚለያየው። በዚህ ላይ መሣሪያው በሥርዓት ከተያዘ ያሲርንም አይጎዳውም። ባለ ሦስት ልጅ ነው።»

ያሲር በዚህ ጊዜ እንኳ ቀና ብሎ «አራት» አለ።

ሙሉሃብት ለማረጋገጥ የምሥጋናው ደም እንዲታይ አዘዘ። ምሥጋናው ላንድክሩዘሯ ላይ ሲወጣ የትናየት በመስኮቱ በኩል ብቅ አለች። ሊያያት አልቻለም።

«ተቆጣሽኝ?»

«አዛዥ ነኝ ብለኸኝ አልነበር?» አለችው። ቀጥላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «መፍራትህንማ አውቄው ነበር፤ ሳጥኑ ስምህን የጠራ ይመስል ቅጠል ኮሽ ባለ ቁጥር ትዘላለህ። የዋሸኸኝ ነው የከፋኝ። ደሙን ግን አንተው ራስህ ስጥ፤ ሌላ እንዳትልክ።»

አያ ደባሱ በጆሯቸው ካልሰሙ አያምኑምና ላሊበላ ድረስ አብረው ወረዱ። ከነርሷ ፊት፣ ከምሥጋናው ጎን ተቀመጡ። መርፌው ሲወጣ ምሥጋናው ፊቱን አዞረ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ እጁ ያገኘውን ነገር ሁሉ ጨመቀ።

«ልጄ፣ ክንዴን ልቀቀኝ፤ የሚወጉት እኮ አንተን ነው» አሉ አያ ደባሱ።

ደሙ ጤነኛ ሆነ። ሙሉሃብት ያሲርን የሠራተኞቹን ባጅ በየቀኑ ከፍቶ ስላላየ ገሠጸው። ምሥጋናውን ደግሞ ከጥበቃ አነሳውና ማስታወቂያ ጽፎ እንዲያድር ወደ ካምፑ መለሰው።

ቄስ ገብረ ሊባኖስ ከሐኪም ቤቱ በር ይጠብቁ ነበር። «እህሳ ደባሱ? የተባባልነው አለ» አሉ።

አያ ደባሱ የተጨመቀ ክንዳቸውን አሹ።

«ምን እላለሁ አባ። ፈሪ ነው እንጂ ሌላ ምንም የለበትም። ታላቋን ልጄን ለጀግና ድሬ አይተውኛል፤ ገበያ በዋለ ቁጥር ሲፈነካከት ይኸው ልጅቱ ተመልሳ እኔው ቤት ናት። ይህኛው ጀምበር ሳትጠልቅ ቤቱ ይገባል። ከፋሲካ በኋላ ይሁን።»

ምሥጋናው ጉልበታቸውን ስሞ ቀና ሲል ለአንድ ጊዜ እንኳ የሚያኮራ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ። ነገሩ እንዳይበላሽ ፈራና መልሶ ዘጋው።